ዳር የወጣች

ልጅ ሳለሁ ባሕር ነው ያመጣኝ ብዬ አምን ነበር። ይህን ስናገር ከንፈሩን የሚመጥጥልኝ ሰው አይጠፋም። ከንፈር መምጠጥ አያስፈልግም፤ እኔ በዚህ ነገር እኮራ ነበር፣ ያውም ልክ ባጣ ኩራት። ሌሎቹ የደሴቱ ልጆች እንደማንም ሰው ከእናታቸው ሆድ ሲወጡ፣ እኔ ብቻ በሞገድ ተጭኜ፣ ከቀርከሃ ጉማጅና ከብርጭቆ ኳስ ጋር ምሥራቁ አሸዋ ላይ ያረፍኩ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለ አመጣጥ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ አይሄድም፤ እኔም ደፍቼ ሄጄ አላውቅም።

ጥፋቱ የቃሉ ነው። በእኛ ደሴት አነጋገር ባሕር ገፍቶ አሸዋ ላይ የሚጥለው ነገር ሁሉ "ዳር የወጣ" ይባላል። ግንዱም፣ የተበጠሰው ገመድም፣ የሞተው ኤሊም ዳር የወጣ ነው። እናቴን ሩጊያን ሰው ሲያነሳት "ዳር የወጣችዋ ሩጊያ" ይላታል። እኔን ናፊሳን ደግሞ "ዳር የወጣችዋ ትንሿ"። ታዲያ ምን ልበል? ሰው የሚለውን ሰማሁ፣ ባሕሩን አየሁ፣ ሁለቱን አገጣጠምኩ። እናቴና እኔ በአንድ ሞገድ የመጣን ነን ብዬ ደመደምኩ።

የምንኖረው ካፋ ዩኑስ ቤት ነበር። ካፋ ማለት አያት ማለት ነው፤ የሥጋ ዘመዳችን ግን አልነበሩም። ምሥራቁን ዳርቻ እየዞሩ ባሕር ያመጣውን የሚለቅሙ፣ የለቀሙትንም ምን እንደሆነ የሚለዩ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው በስማቸው ይቀልድባቸዋል። "ነቢዩ ዩኑስ ከዓሣ ነባሪ ሆድ ለመውጣት ለመኑ፤ የእኛው ዩኑስ ግን ከዓሣ ነባሪ ሆድ የሚወጣውን ሲለምኑ አረጁ" ይላቸዋል። እሳቸውም ጥርስ በሌለው አፋቸው ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም።

የምሥራቁ ነፋስ በሚነፍስባቸው ወራት ከሱብሂ ሰላት በኋላ ይዘውኝ ይወጣሉ። ባሕሩ ሲጎድል የሣርና የእንጨት ስብርባሪ መስመር አሸዋው ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ እኛ ያንን መስመር ተከትለን ነው የምንሄደው። አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ነው። የበሰበሰ የባሕር ሣር ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ሸርጣኖቹ ኮቴያችንን ሰምተው ጉድጓዳቸው ይጠልቃሉ።

"ይሄስ?" ይሉኛል ካፋ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው።

"ድንጋይ።"

"ድንጋይ ይንሳፈፋል እንዴ?"

"ይሄኛው ይንሳፈፋል። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እሳት ከሚተፋ ተራራ ነው የመጣው።"

"ለምን ይሆናል?"

"ለሙኒራ እናት ተረከዝ።"

"የሙኒራን እናት ተረከዝ ተዪው አንቺ ምላሳም፣ ባሏ ሹሙ ቢሰሙሽ ደሴቱን ታስለቅቂናለሽ" ይሉና ይስቃሉ። ድንጋዩን ግን ለእናቴ ብለው ኪሳቸው ይከቱታል።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁሉን ለየሁ። ቡናማና ልስልስ የሆነው የባሕር ባቄላ ጨርቅ ላይ ሲያሹት ይግላል፤ በእሱ የስንቱን ልጅ ክንድ እንዳቃጠልኩ አላህ ይወቀው። ነጩ፣ ሁለት ጫፉ የሾለው፣ በጥፍር የሚፋቀው አጥንት ለወርቅ አንጣሪ ነው፤ ቀለበት ያፈስበታል። የብርጭቆው ኳስ የሩቅ ምሥራቅ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ የነበረ ነው። ከባዱ ጥቁር ግንድ ለጀልባ ሠሪ፣ ቀላሉ ለማገዶ። ካፋ መጀመሪያ ያሳዩኛል፣ ከዚያ ያሸቱኛል፣ በመጨረሻ በምላሴ ያስነኩኛል። ስም ሳልሰጠው ያለፍኩት ነገር ካለ መልሰው ይወስዱኛል።

ከሁሉ በላይ ግን አንበር ነው። አንበር የዓሣ ነባሪ ሆድ ውስጥ የሚረጋ ነገር ነው፤ ዓሣ ነባሪው ሲተፋው ለዓመታት ባሕር ላይ ሲንከራተት ይኖራል፣ ሽቶ ሠሪዎችም በወርቅ ይገዙታል። መልኩ የሚያስጠላ ግራጫ ነው። አዲሱ ይገማል፣ የቆየው ግን የድሮ መስጊድ እንጨት ይሸታል። በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ የጋለ መርፌ ሲነካው እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ዳር የወጣ ተራ ነገር ላገኘው ይቀራል። አንበር ግን የመንግሥት ነው፤ ተጠቅልሎ፣ በጀልባ ተጭኖ፣ በክብር ወደ ዋናው ከተማ ወደ ማሌ ይላካል።

የደሴታችን ሹም ካቲብ ዛሂር አንድ ጊዜ እንዲህ በክብር ልከው ነበር። በነጭ ጨርቅ አስጠቅልለው፣ ከበሮ አስመትተው የላኩት ነገር ማሌ ሲደርስ ከተሰበረ መርከብ የወጣ የሻማ ሰም ሆኖ ተገኘ። ካፋ ዩኑስ ያን ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቲቡ ፊት ሻማ የሚያነሳ ሰው የለም፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሰው "ያንን ነገር አቀብለኝ" ነበር የሚለው።

ካቲቡ ሲበዛ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ከሰው ዛፍ ሥር የወደቀ ኮኮናት ያነሳ ልጅ አይምሩም። እናቴ በየጁምዓው እየሄደች በራቸው ላይ ትቆምና "አለሁ" ትላቸው ነበር። እሳቸውም "እሺ" ይሏታል፣ ትመለሳለች። እኔ ይህንን የምታደርገው ዕቃ ስለሆንን ይመስለኝ ነበር፤ ዳር የወጣ ዕቃ እንዳይጠፋ በየሳምንቱ ይታያል ብዬ።

የካቲቡ ልጅ ሙኒራ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ከእኔ ጋር ተጣልታ የምታሸንፍበት አንድ ስድብ ብቻ ነበራት፤ እሱም አልሠራላትም።

"አንቺ ዳር የወጣሽ" ትለኛለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

"አዎ፣ ነኝ።"

"ዳር የወጣሽ፣ ከነእናትሽ።"

"አዎ አልኩሽ እኮ። አንቺስ ከየት ነሽ? እዚሁ የበቀልሽ አይደለሽም? እንደ ሣር።"

ሙኒራ ታለቅሳለች። ወደ አባቷ ሮጣ "ናፊሳ ሣር አለችኝ" ስትል ካቲቡ ምን ብለው እንደሚቀጡኝ ግራ ይገባቸዋል።

ቃሉ ሁለት ትርጉም እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር። እኛ ዘንድ ባሕር የጣለው ዕቃ ዳር የወጣ እንደሚባል ሁሉ፣ ተፈርዶበት ከአገሩ ተግዞ፣ ከጀልባ ወርዶ ደሴት ላይ እንዲኖር የተደረገ ሰውም ዳር የወጣ ነው የሚባለው። ማሌዎች ለዚህኛው ሌላ ቃል አላቸው። እኛ ግን አንዱ ቃል ይበቃናል፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ያው ባሕር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጭነት ይዛ ማሌ ደርሳ የመጣች ጀልባ በገባች ማግስት፣ ከቤታችን አጥር ጀርባ ተቀምጬ ዛጎል እለያለሁ። እናቴ ከአጥሩ ወዲያ የኮኮናት ቃጫ በእንጨት ትቀጠቅጣለች። ካፋ መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ድብደባው ቆመ።

"ወላሂ እውነት ነው" አሉ ካፋ። "ታላቁ ቤት ሰው እየላኩ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ዝም ብለው፣ ዛሬ ምን ታያቸው?" አለች እናቴ።

"ዋጋዋ ዛሬ ነዋ የገባቸው። ሌላ የላቸውም። አሁን ሊወስዷት ይፈልጋሉ።"

"አልሰጥም።"

"አልሰጥም ማለት ቀላል አይደለም ልጄ። የእነሱ መሆኗ ከታወቀ ሕጉ ከእነሱ ጋር ነው። አንቺ እዚሁ ትቀሪያለሽ፣ እሷን ጭነው ይሄዳሉ።"

"ማን ያውቃል? ለማን ነገርኩ? ለዳኛው እንኳ ተናግሬ አላውቅም።"

"ካቲቡ ያውቃሉ። ስትመጪ ዓይናቸው አይቶሻል፣ የስንት ልጅ አባት ናቸው።"

ትንሽ ቆይቶ ድብደባው እንደገና ጀመረ፣ አሁን ግን በጣም በኃይል።

እኔ ከአጥሩ ጀርባ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ዋጋዋ ገባቸው። ሊወስዷት ይፈልጋሉ። ዳር የወጣ ሆኖ፣ ታላቅ ዋጋ ኖሮት፣ በጀልባ ወደ ማሌ የሚላክ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። አንበር ነበርኩ ማለት ነው። እስካሁን ማንም አልለየኝም ነበር እንጂ።

እውነቱን የሰማሁት አድጌ፣ ራሴ ልዳር ስል ነው፤ እናቴ ኮኮናት እየፈቀፈቀች በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ማሌ ውስጥ አንድ ባለጸጋ ቤት ገረድ ነበረች። የቤቱ አንድ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። እናቱ ነገሩን ስትነቃበት "ይህች ገረድ ልጄን በድግምት አሰረችው" ብላ ዳኛ ፊት አቆመቻት፣ ወደ እኛ ደሴት ተጋዘች። ማርገዟን ማንም አላወቀም። አንድ ቃል ብትናገር ምናልባት ግዞቱ ይቀርላት ነበር፤ የምትወልደውን ግን እንደሚወስዱባት ገብቷታል፣ ስለዚህ አፏን ዘጋች። ከዓመታት በኋላ ያ የቤቱ ልጅ በወባ ሲሞት፣ ከእሷ ልጅ ሳይኖረኝ አይቀርም ብሎ በኑዛዜው ለእናቱ ተናገረ። "ታላቁ ቤት" ማለት ያ ቤት ነበር። እኔ የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት መስሎኝ ነበር።

ለማንኛውም እንደ ጥሩ ለቃሚ ራሴን መመርመር ጀመርኩ። የረጋው ውሃ ውስጥ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ፤ ተንሳፈፍኩ። ብብቴን አሸተትኩ፤ ሽታው ደህና ማስረጃ ነበር። የቀረው መርፌው ነው። የእናቴን መርፌ እሳት ላይ አግዬ ተረከዜን ነካሁት። አልቀለጥኩም፣ ጮህኩ። ከዚያ ካፋ አዲሱ አንበር እንደ ቆየው አይደለም የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ገና አዲስ ስለሆንኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እናቴ በእነዚያ ቀናት ከአጠገቧ አታርቀኝም ነበር። ጠጉሬን በኮኮናት ዘይት ትቀባለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትጎነጉናለች። ከዓሣው መረቅ ውስጥ ወፍራም ወፍራሙን ለእኔ ታወጣለች፣ ራሷ ግን አትበላም። አንድ ጠዋት ዓይኗ አብጦ አየሁና አዘንኩላት።

"አይዞሽ እማ" አልኳት። "ላገኘው ሰው ሽልማት ይሰጡታል። ለካፋ ሩዝ፣ ለአንቺ ደግሞ ጨርቅ።"

"ለምኑ ነው ሽልማቱ?"

"ለእኔ ነዋ።"

አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይልኝ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች።

የማሌዋ ጀልባ በሸራዋ ላይ ቀይ ጥብጣብ ነበራት። የወረደው ሰው ጥቁር ቆብ የደፋ፣ ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር ጃንጥላ የዘረጋ ቀጭን ሰው ነው፤ ልጆቹ ወዲያው ባለ ጃንጥላው አልነው። ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ወንበር ተሰጠው። ደሴቱ በሙሉ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ካቲብ ዛሂር ከባለ ጃንጥላው በስተቀኝ ተቀመጡ፣ ፊታቸው እንደ ሁልጊዜው አይነበብም። እናቴ የእጄን አንጓ ይዛ መሃል ቆመች። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ደረቴን ነፍቻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ለእኔ መጣ እያልኩ ፊቶቹን አንድ በአንድ አያለሁ።

"አንቺ ሴትዮ" አለ ባለ ጃንጥላው። "ይህች ልጅ የማን ናት?"

እናቴ ቀና አለች። "ዳር የወጣች ናት ጌታዬ።"

"ምን ማለት ነው?"

ሁሉም ዓይኑን ወደ ካቲቡ አዞረ፤ እኔም አዞርኩ። ካቲቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በእኛ አነጋገር" አሉ ዝግ ብለው፣ "ባሕር አምጥቶ አሸዋ ላይ የጣለው ነገር ዳር የወጣ ይባላል።"

ከሴቶቹ በኩል ትንፋሽ የመልቀቅ ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ምን እንደከበዳቸው አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው ካቲቡ አንድም ሐሰት አልተናገሩም፤ ከሁለቱ ትርጉም አንዱን ለእንግዳው ሰጥተው፣ ሌላውን ለደሴቱ አስቀሩት።

"ሞገድ ነው ያመጣት እያላችሁኝ ነው?" አለ ባለ ጃንጥላው።

"ከሰዎቹ ከራሳቸው ይስሙ" አሉ ካቲቡ።

"እንግዲያው ይማሉ።"

ቁርአን ከመስጊድ መጣ። እናቴ እንደ ለሰላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ ኖሯል የመጣችው። እጇን ጫነች። "ወላሂ፣ ይህች ልጅ ዳር የወጣች ናት። የወጣችውም በምሥራቁ አሸዋ ነው።" ካፋ ዩኑስ ቀጠሉ። ጀልባ ሠሪው ቀጠለ። የሙኒራ እናት፣ በተረከዟ የምንስቅባት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማለች። ሰው በሐሰት መሐላ እሳት እንደሚገባ በሚያምንበት አገር፣ አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ይጭናሉ፣ አንድ በአንድ እውነቱን ይምላሉ። እናቴን ያወረደቻት ጀልባ የቆመችው በምሥራቁ አሸዋ ነበር፣ እኔም ያኔ ማኅፀኗ ውስጥ ነበርኩ።

ባለ ጃንጥላው ግን ሞኝ አልነበረም። "ትልቅ ሰው ይመካከራል" አለ። ከልጆቹ መሃል ሙኒራን ጠቁሞ ጠራት። "አንቺ ነይ እስቲ። ይህች ማን ናት?"

ሙኒራ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ጥያቄ ተጠየቀች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ዳር የወጣች ናት። ከነእናቷ ዳር የወጣች ናት። እኔ ራሴ አይቻታለሁ።"

"ያኔ ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ" አለች ሙኒራ። "ጀርባ ላይ ሲኮን ደግሞ ሩቅ ይታያል።"

ሰው ሳቀ። ባለ ጃንጥላውም ፈገግ አለና ወዲያው ፊቱን መለሰ። "ካቲብ፣ እኔ ሰምቼ የማውቀው ዳር የወጣ ነገር ለማሌ ይላካል ሲባል ነው። ታዲያ ይህችንም ልጫናት?"

ቀልድ ይመስል ነበር። ቀልድ አልነበረም። የእናቴ ጣቶች አንጓዬ ላይ ሲጠብቁ ተሰማኝ። እኔ ደግሞ ጊዜዬ የደረሰ መስሎኝ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመድኩ።

"አንበር ከሆነ ለማሌ ነው" አሉ ካቲቡ። "ተራ ከሆነ ላገኘው ይቀራል። ያልተመረመረ ነገር ደግሞ እኔ ከዚያ ከሻማው ወዲህ ልኬ አላውቅም።"

ካቲብ ዛሂር ያንን ቃል በገዛ አፋቸው ሲያወጡ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው። "ዩኑስ፣ ይምጡና ይመርምሩ" አሉ።

ካፋ በከዘራቸው ተደግፈው መጡ። አገጬን ቀና አድርገው አዩኝ። ጠጉሬን አሸተቱ። ጉንጬን በአውራ ጣታቸው አሹ። በመጨረሻ ግንባሬን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በዓለም ላይ ከእሳቸው የተሻለ ለዪ የለም።

"ተራ ነው" አሉ ካፋ።

"ምን ዓይነት ተራ?" አሉ ካቲቡ።

"ተንሳፋፊ ድንጋይ። ቀላል፣ ሻካራ። ማሌ ድረስ ቢጭኑት የጀልባ ቦታ ይይዛል እንጂ አይረባም።"

እንደዚያ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም። ካፋ፣ የእኔ ካፋ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳሳቱ። እንባዬ መጣ፣ ከእንባዬ በፊት ግን አፌ ቀደመ።

"ተሳስተዋል" አልኩ። "እኔ አንበር ነኝ። ባሕር ነው ያመጣኝ። ተንሳፍፌ አይቻለሁ፣ መርፌም ሞክሬያለሁ። ገና አዲስ ስለሆንኩ ነው ያልቀለጥኩት። ይውሰዱኝ።"

ተረከዜን አንስቼ የተቃጠለውን ለባለ ጃንጥላው አሳየሁት። የሳቀ ሰው አልነበረም። እናቴ አንጓዬን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ባለ ጃንጥላው ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ተረከዜን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ።

"አንበር ነሽ ብሎ ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ የለየሁት።"

"እናትሽ ናት ሞገድ አመጣሽ ያለችሽ?"

"እሷም አብራኝ ነው የመጣችው። እሷ ግን አንበር መሆኗን እንጃ።"

ገባው እላለሁ እኔ፤ ሙሉውን ባይሆን ግማሹ ገብቶታል። ተነሳና ጃንጥላውን አጠፈ። "እንዲህ ያለውን ለልጅ የሚያስጠና ሰው የለም" አለ ለካቲቡ። "ለላኩኝ ሰዎች፣ ሴትዮዋ የወለደችው ልጅ ለመኖሩ መስካሪ የለም እላቸዋለሁ። ደሴቱ በሙሉ ምሏል።"

እናቴን በኋላ ጠይቄያት ነበር፤ ሆን ብላችሁ ነው ሳላውቅ ያስቀመጣችሁኝ ብዬ። "የለም" አለችኝ። "እውነቱን ልንነግርሽ እያልን ስንመጣ እንደዚያ ኮርተሽ እናገኝሻለን። ማን ጨክኖ ይንገርሽ?"

ጀልባዋ በዚያው ቀን ሸራዋን ዘርግታ ደሴቱን የከበበውን የባሕር ድንጋይ አጥር በር አልፋ ወጣች። ሰው ሁሉ አሸዋው ላይ ወርዶ ያያታል። እናቴ አሸዋው ላይ ተቀመጠች፤ ትስቃለች፣ ሴቶቹ ያቅፏታል። ሙኒራ ምን እንዳደረገች ሳይገባት ዘወር እያለች "እኔ ነኝ የነገርኩት" ትላለች። እኔ ግን ሳልጫን የቀረሁ ዕቃ ነበርኩ። አሸዋው ላይ ተኝቼ፣ እየተንፈራፈርኩ፣ ከዓይን የምትጠፋዋን ጀልባ እያየሁ አለቅሳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተፈልጌ አላውቅም፤ እኔ ግን ማንም አልፈለገኝም ብዬ ነበር የማለቅሰው።

"ተነሺ" አሉኝ ካፋ። አኮረፍኳቸው፣ ፊቴን አዞርኩ። ሙኒራ እጄን ጎተተች፣ አልነሳም አልኩ። ከዚያ አንድ ጥላ መጣ። ካቲብ ዛሂር ነበሩ። ጎንበስ ብለው ከአሸዋው አነሱኝ፣ ልጃቸውን እንኳ ተሸክመው በማያውቁት ትከሻቸው ላይ አስቀመጡኝና በሰፊው መንገድ ወደ ቤታችን መሄድ ጀመሩ። እናቴ ተነስታ ተከተለች። ካፋ ተከተሉ፣ ሴቶቹና ጀልባ ሠሪው ተከተሉ፣ ደሴቱ በሙሉ ተከተለ።

እኔ እላይ ሆኜ፣ የካቲቡን ቆብ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ "እኔ አንበር ነኝ" እያልኩ አለቅስ ነበር። ከኋላችን የሚመጣው ሰውም፣ ጀልባዋ ከሄደች በኋላ፣ አንድ ላይ ሆኖ "ነሽ፣ ነሽ" እያለ ይመልስልኝ ነበር።